«ክሎዠር»፦ ሁሉም ዘፋኙን ያያል፣ እኔ ማይኩን የሚያነሣውን ሰው ነው የማየው

ሚክሰር (የውይይቱን ክር የከፈተው)

ሰላም ቤተሰብ። ትናንት መብራት የመጣው ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ነው። እንቅልፌም ጠፍቶ ስለነበር የአሜሪካዊውን የሮክ ባንድ የናይን ኢንች ኔይልስን «ክሎዠር» የሚባል ፊልም ከፍቼ እስከ መጨረሻው አየሁት። ለማያውቀው ላስተዋውቅ፦ በ1997 (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ) በሁለት የቪኤችኤስ ካሴት የወጣ ነው። አንደኛው ካሴት ባንዱ «ዘ ዳውንዋርድ ስፓይራል» የተባለውን አልበም በማርች 1994 አውጥቶ ሁለት ዓመት ያህል የዞረበትን ቱር ያሳያል። ሁለተኛው የክሊፖች ስብስብ ነው። ካሜራው በእጅ እንደተያዘ ከመድረክ ወደ መድረክ ጀርባ፣ ከዚያ ደግሞ ወደ መድረክ ይከተላቸዋል።

ስለዚህ ፊልም ሲወራ ሁሌ የሚነሣው ሁከቱ ነው፤ የተሰባበረው ኪቦርድ፣ ጭቃው፣ ከመድረክ ጀርባ የሚጠጣውና የሚደፋው። እኔ በሳውንድ ሥራ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነውና ዓይኔ የሚሄደው ሌላ ቦታ ነው።

ሁለተኛው ካሴት ላይ ያለውን «ማርች ኦፍ ዘ ፒግስ» የሚለውን ክሊፕ አስተውላችሁታል? ነጭ ግድግዳ፣ አምስት ሰው፣ በቀጥታ እየተጫወቱ የተቀረጸ። የባንዱ መሪና ዘፋኝ ትሬንት ሬዝነር ማይኩን ከነስታንዱ ይወረውረዋል። ከዳር አንድ ሰው ይገባል፣ አንሥቶ ያቆመዋል፣ ይወጣል። ሬዝነር ጓደኞቹን እየገፋ ዞሮ ሲመለስ ማይኩ ቦታው ላይ ነው። ይዘፍናል፣ እንደገና ይወረውራል። ሰውየው እንደገና ይገባል። ፊቱ ላይ ንዴት የለም፣ ጥድፊያም የለም። ሬዝነር መቼ እንደሚመለስ ያውቃል፣ ከዚያች ቅጽበት በፊት መጨረስ አለበት፣ ይጨርሳል።

ደግሞ ያ ዘፈን በአራት የሚቆጠር አይደለም። ሦስት ጊዜ በሰባት ትቆጥሩና አራተኛው ላይ ስምንት ትቆጥራላችሁ፤ ፍጥነቱም ልብ አያሳርፍም። እንዲህ ያለውን ቆጠራ እየዘለለና እየተላተመ የማይስት ሰው ያበደ ሊመስለን ይችላል እንጂ አላበደም፤ ብዙ ተለማምዷል። ሁከት ብለን የምንጠራው ነገር ሥር ሥርዓት አለ፤ ያ ሥርዓት ደግሞ የሚቆመው ስማቸው በማይጠራ ሰዎች ትከሻ ላይ ነው። እኔ ፊልሙን ደጋግሜ የማየው ለዚህ ነው። እናንተስ?


ጥቁር ሸሚዝ

ሚክሰር፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ በዚህ አልስማማም። ሥርዓት ፈልጌ ቢሆን ኖሮ ሌላ ሙዚቃ እሰማ ነበር። እኔን ገና የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ እያለሁ የያዘኝ ዉድስቶክ የሙዚቃ ፌስቲቫል ላይ በጭቃ ተለውሰው የወጡበት ምስል ነው። ኦገስት 1994፣ ሶገርቲስ፣ ኒው ዮርክ። ዝናቡ ሜዳውን ረግረግ አድርጎታል። ወደ መድረክ ሲሄዱ ሬዝነር የባንዱን አባል ዳኒ ሎነርን ገፍቶ ጭቃው ውስጥ ይጥለዋል፣ ከዚያ ሁሉም ይያያዛሉ። መድረኩ ላይ የወጡት ከፀጉራቸው እስከ ጫማቸው ጭቃ ሆነው ነው። ማንም አላዘዛቸውም፣ ማንም አላለማመዳቸውም። ከፊታቸው በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ አለ፣ ሕዝቡም ጭቃ ነው፣ እነሱም ጭቃ ናቸው። በመድረኩና በሜዳው መካከል ልዩነት ጠፋ።

እኔ ቤት ውስጥ ድምፄን ከፍ አድርጌ አውርቼ የማላውቅ ልጅ ነበርኩ። ያንን ሳይ የሆነ ነገር ደረቴ ውስጥ ተከፈተ። አሁን መጥተህ «ተለማምደውት ነው» ስትለኝ ያንን ነገር የምትወስድብኝ ይመስለኛል።


ሚክሰር

መልስ ለጥቁር ሸሚዝ፦ ወንድሜ፣ ምንም አልወስድብህም። ጭቃው እውነት ነው፣ አንተም ያየኸው እውነት ነው። ግን ያንኑ ምሽት እኔ በቆምኩበት በኩል ቆመህ እየው።

ጭቃ ጊታር ላይ ሲደርቅ ክሩ ድምፁ ይሞታል። ጣት ይንሸራተታል። የኪቦርድ ቁልፍ መሐል ከገባ ቁልፉ ተጭኖ ይቀራል። ጃኩ (የኬብሉ መሰኪያ) ውስጥ ከገባ ደግሞ መንጫጫት ይጀምራል። ሬዝነር ራሱ ጭቃው ዓይኑ ውስጥ እየገባ እንዳስቸገረው፣ በአጨዋወት ደረጃም ጥሩ ሾው እንዳልነበረ ከዚያ በኋላ ተናግሯል። ሆኖም ዘፈኖቹ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተጫውተዋል። ከዚያ ምሽት የተቀዳው «ሃፒነስ ኢን ስሌቨሪ» በ1996 የሜታል ግራሚ አግኝቷል። የጭቃውን መሣሪያ ያን ሌሊት ቁጭ ብለው በጨርቅና በብሩሽ የጠረጉ ሰዎች ነበሩ። እነሱን የሚያሳይ ፎቶ ግን አላየሁም።

ሌላም ነገር አለ፣ ይሄ የሙዚቃው የራሱ ጠባይ ነው። እኛ አገር ባንዱ ድምፃዊውን ይጠብቃል። ድምፃዊው ጭብጨባ አግኝቶ አንድ ስንኝ ቢደግም፣ ሽልማት ሊቀበል ወረድ ቢል፣ ባንዱ እየዞረ ይቆየዋል። እነሱ የሚጫወቱት ኢንዱስትሪያል የሚባለው ሙዚቃ ላይ ግን ግማሹን የሚጫወተው ማሽን ነው፤ ማሽን ማንንም አይቆይም። ድራም የሚመታው ክሪስ ቭሬና የሚጫወተው ከማሽኑ ጋር ተጣብቆ ነው። ሬዝነር ወድቆ ቢቀር ማሽኑ ይቀጥላል። ሌላው ሁሉ እንደፈለገ የሚወድቀውና የሚነሣው አንድ የማይወድቅ ነገር ስላለ ነው።

ይህን በራሴ አይቻለሁ። አንድ ጊዜ ወደ ወሎ ወርደን፣ ኮምቦልቻ ላይ፣ በዘፈኑ መሐል ጄኔሬተሩ ቀጥ አለ። ስፒከር የለ፣ መብራት የለ። ላፕቶፑ ግን በባትሪው እየሄደ ነው። ድራመራችን ክሊኩን (ምቱን የሚቆጥርለትን ድምፅ) ከላፕቶፑ በቀጥታ በጆሮ ማዳመጫ ይሰማ ስለነበር፣ በጨለማው ውስጥ ስቲኮቹን እያጋጨ ብቻውን መቁጠሩን ቀጠለ። መብራቱ ሲመለስ ሙዚቃው አንድ ሙሉ ስንኝ አልፎ ነበር። እጁን ወደ ላይ አነሣ፣ አራት ጣት፣ ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ፣ ሁላችንም ገባን። ሕዝቡ ሆን ተብሎ የተደረገ መስሎት ጮኸ። ልጁ ያን ቀን የተከፈለው ከሁላችንም ያነሰ ነበር።


አባ ካሴት

ሚክሰር ያነሣው ነገር ላይ የታሪክ ጥያቄ ለሚኖራቸው ወጣቶች ትንሽ ልጨምር። «ኢንዱስትሪያል» የሚለው ስም የመጣው ለንደን ከነበረው ትሮቢንግ ግሪስል ከሚባል ቡድን ነው፤ በ1976 የራሳቸውን አሳታሚ ሲከፍቱ ኢንዱስትሪያል ሬከርድስ አሉት። ከቡድኑ አባላት አንዱ ፒተር ክሪስቶፈርሰን ነበር። ማይኩ የሚወረወርበትን ያንን ክሊፕ የሠራው ይኸው ክሪስቶፈርሰን ነው። ስለዚህ ሚክሰር፣ የዕቃ አንሺው ሰው ፍሬሙ ውስጥ መግባቱ በድንገት የሆነ አይመስለኝም። ሥራው ራሱ እንዲታይ የፈለገ ሰው ነው የቀረጸው።

የሁከት ነገር ከተነሣ ግን ከናይን ኢንች ኔይልስ በፊት ሚኒስትሪ ነበሩ፣ የቺካጎዎቹ። በ1990 ኢንዲያና ሜሪልቪል ላይ በተቀረጸው ሾው በባንዱና በተመልካቹ መሐል የብረት ሽቦ አጥር ተዘርግቷል። ልጆቹ አጥሩን ይወጡበታል፣ ይነቀንቁታል። ከኋላ ሁለት ድራመሮች፣ ቢል ሪፍሊንና ማርቲን አትኪንስ፣ ጎን ለጎን አንድ ዓይነት ምት ይመታሉ። ስለ እነሱም በ2011 «ፊክስ» የሚባል ዶክመንተሪ ወጥቷል፣ ዳግ ፍሪል ነው የሠራው፤ ብዙው ምስል ከ1996ቱ ቱር ነው። እሱን ግን ለማየት ልብ ይፈልጋል። የባንዱ መሪ አል ጆርገንሰን ሄሮይን ውስጥ ተነክሮ የነበረበት ዘመን ነው፣ ፊልሙም አይሸፋፍንለትም። እኔ ሁለት ጊዜ ጀምሬ በሦስተኛው ነው የጨረስኩት።

ጊታሪስታቸው ማይክ ስካሽያ በዲሴምበር 2012 ቴክሳስ ፎርት ወርዝ ውስጥ ከሌላኛው ባንዱ ጋር እየተጫወተ መድረክ ላይ ወድቆ ሞተ። ልቡ ነበር። 47 ዓመቱ ነበር። ከዚያ በኋላ ያንን ፊልም ስታየው ሳቁ ሁሉ ይለወጥብሃል።


ኪቦርዲስቱ

እኔ «ክሎዠር»ን ጨርሼው አላውቅም። ምክንያቱን ልንገራችሁ።

በልጅነቴ በቀበሌያችን ኪነት ውስጥ አንዲት ኪቦርድ ነበረች፣ ለአሥራ አንድ ልጅ። ተራችን በወረቀት ተጽፎ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ ነበር፤ ለአንድ ሰው በሳምንት አርባ ደቂቃ። ሁለት ቁልፎቿ ድምፅ አይሰጡም፤ ስንጫወት እነሱን ዘለን ነው፣ ዛሬም ጣቴ በልማድ ሊዘላቸው ይላል። በዓል ሲሆን አዳራሹ ስለሚቆለፍ እኛ ቤት ታድር ነበር። እናቴ ከቴሌቪዥኑ ላይ ዳንቴሉን አንሥታ እሷን ታለብሳት ነበር። «ብርድ ይመታታል» ትላለች። ኪቦርድ ብርድ እንደማይመታው ሳላውቅ ብዙ ዘመን ኖሬያለሁ።

እንግዲህ እነዚህ ልጆች በየሾው የሚያፈርሱት ያማሃ ዲኤክስ 7 የተባለችውን ኪቦርድ ነው። በ1983 የወጣችዋን። ኃይሉ መርጊያ በ1985 ዋሽንግተን አካባቢ ሆኖ አኮርዲዮኑን ከኪቦርድና ከድራም ማሽን ጋር ብቻውን በቀረጸው ሥራ ላይ ከሚሰሙት አንዷ ይቺው ዲኤክስ 7 ነች። ያንን ካሴት የሰማ ሰው ያውቃታል፣ ድምፁ ውኃ ላይ እንደወደቀ ብርጭቆ ነው። እሷን በእግሩ ረግጦ፣ በጊታር አንገት ደብድቦ ሲያፈርሳት ሳይ ሆዴ ይገለበጣል። ድሃ ስለነበርኩ ብቻ አይደለም። መሣሪያ ሰው የደከመበት ነገር ነው።

ሚክሰር፣ አንተ ልጅ ጨዋ ስለሆንክ ነው የምጠይቅህ። ማይኩን የሚያነሣውን ሰው ካከበርክ፣ የተሰበረውን ጠርጎ የሚያወጣውን ሰው ምን ትለዋለህ?


ሚክሰር

መልስ ለኪቦርዲስቱ፦ ጋሼ፣ የእናትዎ ዳንቴል ዓይኔ ላይ ቀረ። እግዜር ይስጥልኝ ስለነገሩን።

የማውቀውን ልመልስ። ያን ጊዜ ዲኤክስ 7 ፋሽኗ አልፎ ነበር። ከመቶ ሺህ በላይ ተሸጣ አሜሪካ ውስጥ ያገለገለችውን በርካሽ ማግኘት ይቻል ነበር፤ ገላዋም ብረት ስለሆነ ብዙ ዱላ ትችላለች። የመረጧት ለዚህ ነው። ደግሞም መድረኩ ላይ የምትሰማው ድምፅ ከእሷ የሚወጣ አልነበረም። ቁልፎቿ በኬብል ሌላ ቦታ ያለውን ሳምፕለር (የተቀዳ ድምፅ የሚያጫውት ማሽን) ነው የሚያዝዙት። ውዱ ዕቃ ከኋላ ነበር ያለው፣ አይነካም። የሚሰበረው ፊት ለፊት የሚታየው ነው።

ይህን የምለው ሕመምዎን ለማቅለል አይደለም። ጥያቄዎ ትክክል ነው። ጠርጎ የሚያወጣው ሰው ነገ ማታ ሌላ ከተማ ላይ ሌላ ኪቦርድ አገናኝቶ ማቆም አለበት። ሬዝነር የሙያውን ሀ ሁ የጀመረው ክሊቭላንድ ውስጥ በአንድ ስቱዲዮ በጽዳት ሠራተኝነት ነው፤ የመጀመሪያ ዴሞዎቹን (የሙከራ ቅጂዎቹን) የቀረጸው ስቱዲዮው ሥራ በማይኖረው ሰዓት ነው። የስቱዲዮው ባለቤት ቆይቶ ሲመሰክርለት፣ ወለል ሲወለውል እንኳ ወለሉ ያምር ነበር ብሏል። ያ ወለል የወለወለ ልጅ ሌላው ሰው የሚጠርገውን ስብርባሪ እየተወ ከመድረክ ሲወርድ ምን ይሰማው እንደነበር እኔም ብጠይቀው ደስ ይለኛል። በዚህ ከእርስዎ ጋር ነኝ።


ብርቱካን

በመሐል ልግባ። ልጄ 14 ዓመቱ ነው፣ ይህን ባንድ ሌት ተቀን ይሰማል። ፊልሙን አብሬው ልየው ወይ ልከልክለው?


አባ ካሴት

መልስ ለብርቱካን፦ እህቴ፣ ሁለተኛውን ካሴት ለአሁኑ ይተዉት። አንድ ክሊፕ ላይ ማሽን ሰውን ሲያሠቃይ የሚያሳይ ነገር አለ፤ በጊዜው ቴሌቪዥን ላይ አልተላለፈም። አንደኛውም ቢሆን ስድብና ርቃን አለበት። ይልቅ የዉድስቶኩን ሾው አብራችሁ እዩ፣ ከዚያም ምን እንዳየበት ይጠይቁት። እኔ ልጆቼ የሚሰሙትን ዘግይቼ ነው የጠየቅኩት፣ ይቆጨኛል።


ሐና ከኮነቲከት

ይህን ክር ያየሁት ሥራ እረፍት ላይ ሆኜ ነው፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው። እኔ እዚያ ነበርኩ። ሀርትፎርድ፣ ሴፕቴምበር 14፣ 1995። ናይን ኢንች ኔይልስ ከእንግሊዛዊው ዘፋኝ ከዴቪድ ቦዊ ጋር አንድ ላይ መዞር የጀመሩበት የመጀመሪያው ምሽት።

አሜሪካ ከገባሁ ሦስተኛ ዓመቴ ነበር። ኮሌጅ አብራኝ የምትማር ልጅ ትኬት ተርፏት ይዛኝ ሄደች። ማን እንደሚዘፍን እንኳ አላውቅም። ቤተ ክርስቲያን የምሄድበትን ረጅም ቀሚስ ለብሼ ሁሉም ጥቁር በለበሰበት መሐል ቆምኩ።

መጀመሪያ እነሱ ወጡ። ድምፁ በጆሮ የሚሰማ አልነበረም፣ ሆድ ዕቃ ነው የሚነካው። ፈርቼ የልጅቷን እጅ ይዤ ነበር። ከዚያ ቦዊ ብቅ አለ። ባንዶቹ ዝም ብለው አልተለዋወጡም፤ አብረው ተጫወቱ፣ የሬዝነር ሰዎች አንድ በአንድ እየወጡ የቦዊ ሰዎች እየገቡ። በዚያ መሐል «ኸርት» የሚለውን የሬዝነርን ዘፈን ሁለቱ አብረው ዘፈኑ። አንዱ ሠላሳ ዓመት የሞላው ልጅ፣ ሌላው 48 ዓመቱ። ልጁ ዘፈኑን እንደ ቁስል ነው የሚዘፍነው። ትልቁ ግን ቁስሉ የዳነለት ሰው ጠባሳውን በእጁ እየዳበሰ እንደሚያወራው ነበር የዘፈነው። እንግሊዝኛዬ ገና ደካማ ነበር፣ ቃሉን ግማሹን አልሰማሁትም፤ ይሄን ግን ሰምቻለሁ።

ቦዊ ብቻውን ሲቀር ጥቁር የለበሱት ልጆች መውጣት ጀመሩ። ቦዊ የድሮ ታዋቂ ዘፈኖቹን ትቶ ገና ያልወጣ አልበም ነበር የሚዘፍነው። ወንበሩ ባዶ እየሆነ፣ እሱ እየዘፈነ። አንዴም ፊቱን አላጠቆረም። እኔና ጓደኛዬ እስከ መጨረሻው ቆየን። ያን ምሽት እንግዳ በሆንኩበት አገር ስለ መቆም አንድ ነገር ተምሬ ነው ወደ ቤት የሄድኩት።

ቦዊ በ2016 ሲሞት ሬዝነር ስለዚያ ዘመን ተናግሮ ነበር። ቦዊ እንደ ታላቅ ወንድም ይመክረው እንደነበር፣ እሱ ግን ያን ጊዜ ለመስማት ያልበቃ እንደነበር። ከዳነ በኋላ አግኝቶት ሊያመሰግነው አፉን ሲከፍት፣ ቦዊ ሳያስጨርሰው አቅፎት እንደምትወጣ አውቅ ነበር አለው። ፊልሙ ላይ ቦዊ ብቅ ሲል ባየሁ ቁጥር ይሄን አስቤ አለቅሳለሁ።


ጥቁር ሸሚዝ

ሐና፣ ይሄን ስላካፈልሽን አመሰግናለሁ። ሌላ የምለው አጣሁ።


ሌሊት

ስለ መዳን ከተነሣ እኔም ልጻፍ። እስካሁን አንባቢ ብቻ ነበርኩ።

አሥራ ሁለት ዓመት ናይት ክለብ ውስጥ ቤዝ ተጫውቻለሁ። የእኛ ሥራ ቱር የለውም፤ ከተማው አይቀየርም፣ ሌሊቱ ብቻ ነው የሚቀየረው። ቀን ጫት፣ ማታ መጠጥ። መጠጡን ደግሞ አንተ አትገዛውም። ደንበኛው ነው የሚልክልህ፣ አስተናጋጁ ፊት ለፊትህ ያለው ስፒከር ላይ ያስቀምጥልሃል፣ እምቢ ብትል የናቅከው ይመስለዋል። ባለቤቱም ሰው ሲጋብዝህ ደስ ይለዋል፣ ሒሳቡ የእሱ ነው። እንዲህ እየተባለ ዓመቱ ይሄዳል።

ስጠጣ የተሻለ የምጫወት ይመስለኝ ነበር። እጄ ይፈታል፣ እሳቃለሁ፣ ሰዉ ይወደኛል። አንድ ቀን ጠዋት ሳክስፎን የሚጫወተው ጓደኛዬ ከቤቴ መጥቶ፣ ምንም ሳይናገር፣ የማታውን በስልኩ የቀዳውን አሰማኝ። ከድራሙ ኋላ ነኝ። በአንድ ዘፈን ብቻ አይደለም፣ በሁሉም። ልጆቹ እኔን እየጠበቁ እየተጎተቱ ነው። ሚክሰር እንዳለው የእኛ ባንድ ሰው ይጠብቃል፤ እኔን ሲጠብቁኝ ስንት ዓመት እንደሆነ ያን ጠዋት ነው የገባኝ። ጓደኛዬ ስልኩን ኪሱ ከቶ ቡና አፈላልኝና ሄደ።

«ክሎዠር»ን ያየሁት ካቆምኩ በኋላ ነው። ስለዚህ እኔ ጭቃውንም ማይኩንም ሳይሆን የሬዝነርን ዓይን ነው ያየሁት። የቱሩ መጨረሻ አካባቢ ያለውን ዓይን አውቀዋለሁ። ካሜራው ፓርቲ እየቀረጸ መስሎታል። ያ ሰው ከዚያ በኋላ ገና አምስት ዓመት ወርዷል። በ2000 ለንደን ውስጥ ኮኬይን መስሎት ሄሮይን ወስዶ ሊሞት ነበር፣ ሾው ተሰረዘ። ያቆመው በ2001 ነው።

ጥቁር ሸሚዝ፣ ወንድሜ፣ አንተን ነው የማወራው፤ ሁከቱ ነው ሙዚቃውን የሰጠው የሚሉ ብዙ ናቸው፣ እኔም ከእነሱ አንዱ ነበርኩ። ከ2001 በኋላ ያለውን ቁጠር። አልበሞቹ ቀጠሉ። ከሙዚቀኛው አቲከስ ሮስ ጋር ለፊልም በሠራው ሙዚቃ ሁለት ኦስካር ወሰደ። በ2020 ባንዱ የሮክ ክብር መዝገብ ውስጥ ገባ። ሰውየው ትዳር ይዞ ልጆች ወለደ። ይህ ሁሉ የመጣው ጠርሙሱ ከተቀመጠ በኋላ ነው። በዚያ ቱር ላይ ቢሞት ኖሮ ዛሬ ፖስተሩን ግድግዳችን ላይ ሰቅለን «እንዴት ያለ ነፃ ሰው ነበር» እንል ነበር።


ኪቦርዲስቱ

ሌሊት፣ ልጄ፣ እግዚአብሔር ያጽናህ። ሳክስፎን የሚጫወተውን ጓደኛህን ከእኔ ሰላም በልልኝ።


ጥቁር ሸሚዝ

ሁለት ቀን ሳልጽፍ ቆየሁ። የጻፋችሁትን ደጋግሜ አነበብኩ፣ ትናንት ማታ ደግሞ አንደኛውን ካሴት ከመጀመሪያው ጀምሬ አየሁት፤ ሬዝነርን ላለማየት እየሞከርኩ።

ከባድ ነው። ካሜራው እሱን ነው የሚከተለው፣ ዓይንህም ይከተላል። ግን ዳር ዳሩን ስታይ ሰዎች አሉ። በጨለማ ውስጥ ባትሪ ጥርሱ መሐል የያዘ ሰው አለ። ጊታር ከተወረወረበት አንሥቶ አንገቱን በጣቱ የሚዳብስ አለ፣ ተሰብሮ እንደሆነ ለማየት። ሬዝነር ላብ በላብ ሆኖ ሲወርድ ፎጣ ይዞ የቆመ እጅ አለ፤ ፊቱ አይታይም፣ እጁ ብቻ። እኔ ይህን ፊልም ምናልባት ሠላሳ ጊዜ አይቼዋለሁ፣ ያንን እጅ አላየሁትም ነበር።

ጭቃው አሁንም የእኔ ነው፣ እሱን አልለቅም። ግን ሌሊት የጻፈውን ካነበብኩ በኋላ የመጨረሻዎቹን ደቂቃዎች እንደ ድሮው ማየት አልቻልኩም። ድምፁን ቀንሼ ነው የጨረስኩት።

ሚክሰር፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። ቅዳሜ ሥራ አለኝ ብለህ ሌላ ክር ላይ ጽፈህ ነበር። ዕቃ የሚያወርድ፣ ኬብል የሚዘረጋ ሰው ያስፈልግሃል? ገንዘብ አልፈልግም።


ሚክሰር

ገንዘብማ ትቀበላለህ፣ ሥራ ሥራ ነው። ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ሳይሞላ ና፣ ሳውንድ ቼክ አሥር ሰዓት ነው። ቦታውን በውስጥ መስመር ልኬልሃለሁ። ጫማህ ሶሉ የማያንሸራትት ይሁን፤ ከመኪናው እስከ መድረኩ ያለው ደረጃ እብነ በረድ ነው፣ ስፒከሩን ለሁለት ነው የምናወጣው።

ኬብል ደግሞ በክርንህ ላይ እንዳትጠቀልል። ውስጡ ያለው ሽቦ ይጠመዘዝና ይበጠሳል፣ የተበጠሰው የሚታወቀው ደግሞ ሾው መሐል ነው። አንዱን ዙር ወደ ውስጥ፣ ቀጣዩን ገልብጠህ ወደ ውጭ። ስትመጣ አሳይሃለሁ።